በባለቤቶቹ ሰዓት

ዴንቨር ውስጥ፣ ሎውሪ አጠገብ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው። እዚያ በምሳ ዕረፍት ሁልጊዜ አብራኝ የምትቀመጥ ነርስ አለች። ሆፒ ናት። ሆፒዎች በሰሜን አሪዞና፣ በረሃ መሃል በቆሙ አምባዎች ላይ፣ አሜሪካ አሜሪካ ከመባሉ እጅግ ቀድሞ ጀምሮ የኖሩ፣ ዛሬም እዚያው ያሉ ሕዝብ ናቸው። እሷ ለሥራ ብላ ኦሮራ ትኖራለች እንጂ ልቧ አምባው ላይ ነው።

አንድ ረቡዕ ከምሳ ዕቃዋ ከወረቀት የሳሳ፣ እንደ ብራና የተጠቀለለ፣ መልኩ ሰማያዊም ግራጫም የሆነ ነገር አውጥታ ሰጠችኝ። የጾም ቀን ስለሆነ ከመቅመሴ በፊት ጠየቅኋት።

"ምን ምን አለበት?"

"ሰማያዊ በቆሎ፣ ውሃ፣ አመድ።"

"አመድ?"

"አመድ። ቀለሙን የሚያወጣው እሱ ነው። አክስቴ ናቸው የሚጋግሩት፤ የጋለ ድንጋይ ላይ፣ በእጃቸው እየቀቡ።"

ድንጋዩንስ በምን ያወዙታል ብዬ ድርቅ አልኩ። በሐብሐብ ፍሬ ቅባት አለችኝ። ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። አፌ ውስጥ ገብቶ ብትንትን አለና ጠፋ፤ የተቆላ በቆሎ ሽታ ብቻ ቀረ። "አንቺ ስለ ምግብ እንደ ፖሊስ ነው የምትመረምሪው" ብላ ሳቀችብኝ። ስለ ጾማችን ነገርኳት። እሷም አዳምጣ፣ በእነሱም ዘንድ ከአንዳንድ ሥርዓቶች በፊት ሰው ከሥጋና ከጨው እንደሚከለከል ነገረችኝ። ከዚያ በላይ አላብራራችም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ግብዣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በነሐሴ፣ በእናቷ መንደር፣ ወጣቶቹ አደባባይ ወጥተው የሚጨፍሩበት ቀን ነበር። እንግዳ እንዲያያቸው የማይፈቀዱ ጭፈራዎች እንዳሉ፣ ይሄኛው ግን እንግዳ የሚቀበሉበት እንደሆነ አስረዳችኝ።

"አክስቴ ቤት ታርፋላችሁ። እናትሽንም ይዘሻቸው ነይ" አለች። ቀጥላም ሕጉን አንድ በአንድ ነገረችኝ። ፎቶ አይነሳም፣ ቪዲዮ አይቀረጽም፣ ድምፅ አይቀዳም፣ በእርሳስ መሳል እንኳ አይቻልም። እግር እንዳመራ መንደር ውስጥ አይዞርም። መሬት ላይ የታየ ነገር አይነሳም። ስለ እምነታቸው "ይሄ ምንድን ነው፣ ያ ምን ማለት ነው" ተብሎ አይጠየቅም።

"ይከብዳችኋል?" አለችኝ።

"እኔ ክርስትና በተነሳሁበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እስከ ዛሬ እግሬ ረግጦት የማያውቅ ክፍል አለ" አልኳት። "የምንገባበትና የማንገባበት ቦታ መኖሩን ለምደን ነው ያደግነው።"

"እንግዲያው ገብቶሻል" አለች።

እናቴ ግን በቀላሉ አልገባላትም። ከደብረ ብርሃን መጥታ ከእኛ ጋር ሞንትቤሎ መኖር ከጀመረች ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከፒዮሪያ ስትሪት ሱቆች ርቃ ብዙ አልሄደችም። "በፍልሰታ?" አለች ደረቷን ይዛ። "ሰው ሁሉ ሱባዔ ሲገባ እኔ ጭፈራ ላይ ልገኝ? ደግሞስ የሚያመልኩትን ምን አውቄ?"

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቷን ልትጠይቅ ሄደች። እኔም አጠገቧ ቆሜያለሁ። አባ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣

"እንግዳ ሆነሽ ነው የምትሄጂ ወይስ ልትጨፍሪ?" አሏት።

"በዚህ ጉልበቴ ነው የምጨፍረው አባቴ?"

"እንግዲያው ሂጂ። ጾምሽን ጹሚ፣ ደጃፋቸውን አክብሪ፣ አትሳለቂ። ሰው ቤት ገብተሽ የማይገባሽን ነገር ብታዪ ዝም ማለት ኃጢአት አይደለም።"

መስቀል ተሳልማ ወጣች። ቤት እስክንደርስ ድረስ ለሦስት ሰው ደውላ "ቀይ ሕንዶች አገር ልሄድ ነው" ብላ አውርታ ነበር። ከኋላ ወንበር ልጄ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገችው የአሥራ አምስት ዓመቷ፣ አላስቻላትም።

"እማማ፣ ኖ! እንደዚህ አይባልም። ሆፒ ነው ስማቸው። ሆ-ፒ።"

"ሀፒ" አለች እናቴ። "ደስተኞች ማለት አይደል? ታዲያ ደስተኞች ከሆኑ ምን ያስቆጣሻል?"

ባለቤቴ ኤርፖርት ሰው ስለሚያመላልስ ሥራውን ጥሎ መምጣት አልቻለም። ስለዚህ ሦስታችን፣ እናቴ፣ ልጄና እኔ፣ ሐሙስ በማለዳ ከሞንትቤሎ ተነሳን። እኔ እነዳለሁ፤ እናቴ አጠገቤ ውዳሴ ማርያሟን ትደግማለች፤ ልጄ ከኋላ በጆሮ ማዳመጫዋ ሙዚቃ ትሰማለች። ተራሮቹን አልፈን ከሰዓት በኋላ ሜሳ ቨርዴ ደረስን። እዚያ በገደል ጉያ ውስጥ፣ ጣሪያ በሆነው ዐለት ሥር፣ በድንጋይ የተሠሩ ቤቶች ተደርድረው ቆመዋል። ባልደረባዬ በመንገድ ላይ እንድናየው የመከረችን ቦታ ነው፤ የአያቶቻቸው ነበር። እናቴ ከማዶ ቆማ ብዙ ጊዜ አየችው።

"ላሊበላን ያየ ሰው ይሄን ቢያይ ወንድሙ ነው ይላል" አለች።

"ለምን ጥለውት ሄዱ?" አልኩ ለራሴ ያህል።

"እማ፣ ሺ ሴድ 'ጥለው ሄዱ' አይባልም" አለች ልጄ። ባልደረባዬ በስልክ ነግራት ኖሯል። "አልፈው ሄዱ እንጂ አልተዉትም። አያቶቻቸው አሁንም እዚያ አሉ ብለው ነው የሚያምኑት።"

እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከመንገዱ ዳር ቆንጠር አድርጋ አፈር ያዘች። ምን ልታደርገው እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከገዳም እምነት ይዛ እንደምትመጣው ሁሉ በመሐረብ ቋጥራ ልትወስደው ነው።

"እማማ! ዩ ካንት!" ልጄ እየሮጠች መጣች።

"አፈር እኮ ነው!"

"አፈራቸው ነው።"

እናቴ የልጅ ልጇን አየቻት፣ ጣቷ ላይ ያለውን አፈር አየችው። መልሳ ካነሳችበት ቦታ በቀስታ አፈሰሰችና በመዳፏ ደልደል አደረገችው። "እውነቷን ነው" አለችኝ ወደ መኪናው ስንመለስ። "ሰው መጥቶ ከኛ ደብር አፈር ሳይጠይቅ ቢዝቅ እኔ እጮህ ነበር።"

ኮርቴዝ ከተማ አድረን ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ተነሳን። መንገዱ በሌላ ነባር ሕዝብ፣ በናቫሆዎች ምድር ያልፋል። የሆፒዎች ምድር ያለው በዚያ መሃል ነው። እዚህ ላይ ሰዓታችን አበደ። ኮሎራዶ በበጋ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት ሲቀይር አሪዞና አይቀይርም፤ በውስጡ ያሉት ናቫሆዎች ግን ይቀይራሉ፤ በናቫሆዎች መሃል ያሉት ሆፒዎች ደግሞ አይቀይሩም። ስልኬ ይህን መከተል አቅቶት አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ይዘላል። የመኪናው ሰዓት የዴንቨር ነው። የእናቴ የእጅ ሰዓት ደግሞ ያንኑ የዴንቨሩን በሐበሻ አቆጣጠር ነው የሚቆጥረው።

"ዌይት፣ አሁን በእውነት ስንት ሰዓት ነው?" አለች ልጄ።

"ሦስት ተኩል" አለች እናቴ በእርግጠኝነት።

ልጄ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ፤ መኪናው እስኪነቃነቅ ሳቅን።

አምባው ከሩቅ ሲታይ ጠፍጣፋ ተራራ ብቻ ነው። ስትቀርቡ ጫፉ ላይ መስኮቶች ይታያሉ። ቤቶቹ የተሠሩት ከዚያው ዐለት ስለሆነ የት ላይ ዐለቱ አብቅቶ ቤቱ እንደሚጀምር አይለይም። ከግርጌው በአሸዋ ላይ የተዘራ በቆሎ አለ። እንደ ቁጥቋጦ ተጠጋግቶ የበቀለ፣ ቁመቱ ከወገብ የማይዘል። እናቴ የገበሬ ልጅ ናትና መስኮቱን አስከፈተችኝ።

"ውሃውስ? ቦይ የለውም እኮ!"

በኋላ የሰማነው፣ ዘሩን እስከ ክንድ ድረስ ጠልቆ በሚቆፈር ጉድጓድ ውስጥ እንደሚከቱትና ሥሩ ከታች ያለውን እርጥበት ፈልጎ እንደሚያገኝ ነው። ሲንከባከቡትም እንደ ልጅ ያናግሩታል፣ ይዘፍኑለታል። እናቴ ይህንን ስትሰማ ምንም አልገረማትም። "ያላናገሩት ነገር መቼ ያድጋል" አለች።

አክስቷ ቤት ደርሰን በሩን ስናንኳኳ የከፈቱልን ሴት ፀጉራቸው ከመታጠቡ ገና ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። እኛን አዩ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ፣ እንደገና እኛን አዩ። ከጓዳ ባልደረባዬ ብቅ ብላ በሳቅ ግድግዳውን ተደገፈች።

"በናቫሆ ሰዓት ነው የመጣችሁት! አንድ ሰዓት ቀድማችሁ!"

እኔ አፈርኩ። አክስቷ ግን እጄን ይዘው አስገቡኝ። ወደ እናቴ ዞረው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እናቴ ትከሻቸውን ይዛ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ እንደገና በቀኝ ሳመቻቸው። ሦስተኛውን አልጠበቁትም ነበርና ግንባር ለግንባር ተጋጩ። ሁለቱም ግንባራቸውን ይዘው ሳቁ። መተዋወቁ በዚህ አለቀ።

ቤቱ ለነገው ጭፈራ በሚዘጋጁ ዘመዶች የተሞላ ስለነበር ምሳ ዘግይቶ ቀረበ። የበግ ሥጋ ከነጭ በቆሎ ጋር የተቀቀለበት ትልቅ ድስት መሃል ላይ ተቀመጠ። እኔ ስለ ጾሙ ለባልደረባዬ ነግሬያት ነበር፤ አክስቷም አልረሱም። ለእናቴና ለእኛ ለብቻው ባቄላ፣ የተቀቀለ በቆሎ፣ የተቆረጠ ሐብሐብና ያ የሳሳ ሰማያዊ ቂጣ አስቀመጡልን። እናቴ አመሰገነች፣ አማተበች፣ እጇን ግን ጭኗ ላይ አደረገች።

በእነሱ ዘንድ የቀረበን ምግብ አለመንካት ደስ እንደማይል አውቃለሁ። "እማዬ፣ ጾም ነው እኮ ሁሉም" አልኳት በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ። ሰዓቱ ነው።"

በፍልሰታ እናቴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አትቀምስም። የእጅ ሰዓቷን አየሁት። "ይኸው ዘጠኝ ሆኗል። ብይ በቃ" አልኳት።

ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀሰረች። "የእነሱስ ስንት ይላል?"

የግድግዳው ሰዓት ሁለት ይላል። በእኛ ስምንት ማለት ነው።

"ስምንት" አልኳት።

"እንግዲያው ስምንት ነው። ሰው አገር መጥቼ፣ በሰው ጣሪያ ሥር ተቀምጬ፣ በራሴ ሰዓት ልበላ? እጠብቃለሁ።"

ልጄ ነበረች ነገሩን የተረጎመችው፤ ስለ ሦስቱ ሰዓት፣ ስለ ጾሙ፣ አያቷ በዴንቨር ሰዓት መብላት እንደምትችልና የቤቱን ሰዓት ላክብር ማለቷን ሁሉ። ስትጨርስ አንድ አጎት ማንኪያውን አስቀምጦ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አክስቷ ግን አልሳቁም። ወንበራቸውን ወደኋላ ገፍተው ተነሱ፤ የራሳቸውን ሳህን ከእናቴ ሳህን ጋር በንጹሕ ጨርቅ ሸፈኑ።

"እሳቸው ከጠበቁ እኔም እጠብቃለሁ" አሉ።

እናቴን እጇን ይዘው ወደ ውጭ ወሰዷት። በቤቱ ጥላ ሥር ሁለት ወንበር ተቀመጠ፤ በመሃላቸው የደረቀ ሰማያዊ በቆሎ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን። መፈልፈል ጀመሩ። ልጄ ልታስተረጉም ሄዳ ትንሽ ቆይታ ከንፈሯን ጥላ ተመለሰች።

"ዴይ ዶንት ኒድ ሚ" አለች። "ሂጂ አሉኝ። ሁለቱም!"

በመስኮት አየኋቸው። እናቴ በአማርኛ ታወራለች፣ አክስቷ በሆፒ ይመልሳሉ። አንዷ ጉልበቷን ታሳያለች፣ ሌላዋ ወገባቸውን። ስለ በሽታ ነው የሚያወሩት፤ ይህንን ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ከዚያ እናቴ በእጇ ከፍታ እያሳየች ልጆቿን ከታናሽ ወደ ታላቅ ቆጠረችላቸው። አክስቷም የእሳቸውን ቆጠሩ። አንዱ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ዝቅ አድርገው መሬት ላይ አሳረፉ። እናቴ መፈልፈሏን አቆመች፤ ክንዳቸውን ያዘች። ከዚያ እናቴ ደግሞ የራሷን እጅ ዝቅ አድርጋ መሬት ነካች። የቀበረችው ታናሽ ወንድሜ ነው። እኔ ከመስኮቱ ዘወር አልኩ።

በሩ በኃይል ሲከፈት ደነገጥኩ። አክስቷ ናቸው፤ ሰዓቱን በጣታቸው እያሳዩ፣

"ዘ-ጠኝ!" ብለው ጮኹ። "ጠ" አልወጣላቸውም፤ ከኋላቸው ያለችው መምህርታቸው እናቴ ግን ፊቷ በኩራት በርቷል።

አብረው በሉ። እናቴ ሁለት ጊዜ አስጨመረች። ስትጨርስ ቆማ መረቀች፤ ቤቱን፣ ዘሩን፣ ዝናቡን። አክስቷ ልጄን ጠይቀው ትርጉሙን ሰሙና፣

"ለማን ነው የሚጾሙት?" አሉ።

"የእመቤታችን ጾም ነው" አለች እናቴ። "ስንጸልይ ግን ለሁሉም ነው። ለአገር፣ ለእንስሳው፣ ለሰማዩ፣ ለምድሩ፤ ለሚያውቀንም ለማያውቀንም።"

አክስቷ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። "እኛም እንደዚሁ ነው" አሉ። "ለዓለሙ ሁሉ።"

በማግስቱ ጭፈራው ነበር። ያየሁትን እዚህ አልዘረዝርም፤ ከእናንተ ጋር ይቅር ብለው ነው ያሳዩን። የሰውን ደስታ ግን መናገር እችላለሁ። ጣሪያው ሁሉ ሰው ነው። ሽማግሌው ከነልጅ ልጁ ተጣጥፎ በሚዘረጋ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከኦሮራም ከፊኒክስም ለዚህ ቀን ሲሉ የመጡ አሉ። ስልኮቻችንን እናቴ ገና ጠዋት ሰብስባ በቦርሳዋ መኪና ውስጥ ቆልፋባቸው ነበር። ልጄ መጀመሪያ ባዶ እጇ የት እንደሚቀመጥ ጠፋት፤ ወደ ኋላ ግን አገጯን በሁለት መዳፏ ደግፋ ዓይኗን ሳትነቅል ታይ ነበር።

ከፊታችን ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ እንግዳ ነበር። ከኪሱ ስልኩን አወጣና ወደ ላይ ማንሳት ጀመረ። እኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ሳስብ እናቴ ትከሻውን ነካ ነካ አደረገችው።

"ተው ልጄ፣ ነውር ነው" አለችው በአማርኛ፣ ጣቷን በቀስታ እየወዘወዘች።

ሰውዬው አንድ ቃል አልገባውም፤ ሁሉም ነገር ግን ገባው። ቀይ ሆኖ ይቅርታ ጠየቀና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከላይ፣ ከጣሪያው ጫፍ፣ ሳቅ ተሰማ። አክስቷ ናቸው። ከአጠገባቸው ያለውን ወንበር በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው እናቴን ጠሯት። እናቴ መሰላሉን አየችው፣ ጉልበቷን አየችው፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች። ልጄ ከታች ደገፈቻት፣ ሁለት ሴቶች ከላይ ሳቧት። ቀኑን ሙሉ እንደ አገሩ ሰው ጣሪያ ላይ ዋለች።

ወደ ማታ ደመና ተሰበሰበ። ጠብታው ሲጀምር እኛ እንግዶቹ ወደ መኪናችን ሮጥን። የመንደሩ ሰው ግን አልሮጠም። ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ቆመ። ቀና ብዬ ሳይ እናቴም ጣሪያው ላይ ነጠላዋ በስብሶ ቆማለች፤ አልወርድም አለች። እኔም ከሩጫዬ ቆምኩና ተመለስኩ።

እሑድ ስንለያይ አክስቷ ትልቅ ሐብሐብና አንድ ከረጢት ሰማያዊ የበቆሎ ዱቄት ሰጡን። እናቴ ለመንገድ ብላ የቆላችውን የገብስ ቆሎ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ሰጠቻቸው። ቀመሱት፤ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ወደ ውስጥ ሮጠው የራሳቸውን፣ በትኩስ አሸዋ የተቆላ በቆሎ ይዘው መጡ። እስከ ዴንቨር ያን እየቆረጠምን መጣን።

ባልደረባዬ ሥራ የተመለሰችው ሐሙስ ነው። ምሳ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

"አክስቴ ደውለው ነበር" አለች። "እናትሽ እንዴት ናቸው ብለው ጠየቁኝ። ጉልበታቸው እንዴት ሆነ፣ ጾማቸውን ጨረሱ ወይ፣ ሐብሐቡ ጣፈጣቸው ወይ አሉ።"

"እግዚአብሔር ይስጣቸው። ስለ እኔስ?"

ትንሽ አሰበች። "ስለ ልጅሽም ጠይቀዋል" አለች። "ስለ አንቺ አልጠየቁም። በቆሎው ሲሰበሰብ እሳቸው ይምጡና ያግዙኝ ብለዋል።"

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። በዚያን ጊዜ ሥራ ስለሚበዛብኝ ፈቃድ ማግኘቴን እንደምጠራጠርም ጨመርኩላት።

"አንቺ ሥራሽን ሥሪ" አለችኝ ቀና ሳትል። "መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ልጅቷ ትነዳለች።"

ልጄ የመንዳት ልምምድ የጀመረችው በዚያው ሳምንት ነው። "ያስ!" ብላ ከሶፋው ዘለለች።